ነጥብና ነጠላ ሰረዝ

ኤክሃርት ደወለ፣ ሌሊት በዘጠኝ፤
«መስኮትሽ ነጥቷል፣ አይሰማም» አለኝ።
ከድምፁ ጀርባ ጡሩምባ ይጮኻል፣
ትራክተር ትራክተሩን ተከትሎ ቆሟል፤
ስኳር የሚሆነው ሥር፣ ጭቃ እንደለበሰ፣
ከማግደቡርግ ሜዳ ተነቅሎ ደረሰ፤
ሚዛን ላይ ወጥቶ ግን፣ ክብደቱ ሳይነገር
ሰልፉ ድልድዩን አልፎ ገብቷል ከመንደር።

«ምን ነካሽው?» አለኝ።
ምንም አልነካሁም።
እኔ ጠረጴዛ ላይ ሺህ ጊዜ ሞክሬው
ሺህ ጊዜ ሠርቷል።
(ይህችን ቃል ያላላት ማን አለ፣ ከእኛ ሙያ?
«እኔ ዘንድ ይሠራል።»
አናጺ እንዲህ ቢል፣
«ጣሪያው እኔ ቤት አያፈስም» ቢል፣
ማን ይከፍለዋል?)

በማለዳ ደረስኩ። የሚዛኑ ቤት ጠባብ፣
የአምናው ቀን መቁጠሪያ እንደተሰቀለ፣
ከበሩ ሥር ሁለት የጎማ ጫማ።
ኤክሃርት ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ገና ይሞቃል።
ኮዴን ገልጬ የሌላ ሰው ይመስል አነበብኩት፤
ጥፋት የሚታየው እንደዚያ ሲነበብ ነው።

መስኮቱን የሚስል፣ ጠቅታ የሚሰማ
አንድ ክር ብቻ አለ።
እኔ ያንኑ ክር፣ «ሂድና ሚዛኑን ጠይቅ፣
መልስ ሳትይዝ እንዳትመለስ» ብዬ ላክሁት።
ሚዛን ደግሞ በውርጭ ሌሊት መልሱ ይዘገያል።
ክሩ ደጅ ጠንቶ ቀረ፤
ቤት ባዶ፣ እንግዳ ቢያንኳኳ የሚከፍት የለ።
መስኮት ነጣ የሚሉት ይኸው ነው፤
ሞት አይደለም፣ ጥበቃ ነው።

ባንድ ክር ሰፍቼ የሁለት ሰው ልብስ፣
ብርድ የመጣ ዕለት ነው ስፌቱ የሚፈርስ።

ሁለተኛ ክር ፈተልኩ። እሱ ይሂድ፣ እሱ ይቁም።
ሚዛኑ መለሰ፤
ክሩ ቁጥሩን ታቅፎ በደስታ ሮጠ፣
መስኮቱ ላይ ሊጽፍ እጁን ሲዘረጋ
ፕሮግራሙ ተዘረጋ።
ረስቼው! መስኮት ከፈጠረው ክር በቀር
የማንንም እጅ አይወድም።
መልእክትህን ተው፣ ወረፋ ያዝ፣
ባለቤቱ ሲመቸው ይጽፍልሃል፤
ይኸን አስተምሬው ስጨርስ ረፍዷል።

የመጀመሪያው ትራክተር ወጣ፣ የኡልሪከ ኖልተ።
ቁጥሩም ወጣ፦
ሁለት ሺህ አራት መቶ ስድሳ ስምንት ቶን።
ኡልሪከ ወርዳ በመስኮቱ አየች
(በመስታወቱ፣ በእውነተኛው)፤
«ይህን ሁሉ የጎተትኩት እኔ ነኝ?
ጎማዬ ይመስገን» አለች።
ኤክሃርት አልሳቀም።
እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ፣ ደብተሩን ገለጠ፤
ሃያ አራት፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ስድሳ ስምንት።
«ሚዛኑ ነጥብ ይልካል» አለኝ ቀስ ብሎ፣
«እዚህ አገር ግን ነጥብ የሺህ መለያ ነው፤
ክፍልፋይ በነጠላ ሰረዝ። ሕፃን ያውቀዋል።»

አውቀዋለሁ። ሃልበርሽታት ተወልጄ
በነጠላ ሰረዝ ነው የተማርኩት፤
ማሽኔን ግን ስድስት ዓመት በእንግሊዝኛ ሳናግር
የተወለድኩበትን ቁጥር ረሳሁ።

ነጥብ ናት ብዬ አንዲቷን ብንቃት፣
መቶ እጥፍ አደረገች የኡልሪከን ሀብት።

አንድ መስመር ጨመርኩ፦
ከሚዛን የመጣ በሚዛን ቋንቋ ይነበብ፣
ለሰው የሚታይ በሰው ቋንቋ ይጻፍ።
ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ጭቃው ከጎማ እየወደቀ፣
አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ፣
ቁጥሩ ከእርሳሱ ጋር ገጠመ።
ኤክሃርት ግን መጻፉን አልተወም፤
እኔም ተው አላልኩትም።

ኮቴን ለብሼ በሩ ላይ «ሌላስ?» አልኩት፣
ለወጉ ያህል።
«ምንም» አለ። ከዚያ መነጽሩን በመነጽር ላይ ደረበ፣
ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፣ አፍንጫው ሊነካው።
ዞሬ አየሁት፤ በአዲሱ ሰፊ ስክሪን ላይ
ፊደሎቼ ጉንዳን አክለዋል።
ስክሪኑ ሲያድግ አብረው እንዲያድጉ አልነገርኳቸውም።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?»
«ከአቻምና።»
«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»
እርሳሱን ጆሮው ላይ መለሰ።
«ዓይኔ መስሎኝ» አለ።